ዓይን የሚቀበለው፣ አእምሮ የሚያየው



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ የስሜት ሕዋሳት ዓለምን እንዴት እንደሚያውቁ የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። አምስቱን ሕዋሳት በየተራ አንሥቼ ስለ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ከመናገር ይልቅ፣ አንድ የቆየ ጥያቄ ይዤ እርሱኑ መከተልን መርጫለሁ። ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ ሰው ካደገ በኋላ ዓይኑ ቢበራለት ምን ያያል? ጥያቄው ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በፈላስፎች መካከል የተነሣ ቢሆንም፣ መልሱን ለማግኘት በዘመናችን ከረዱት መካከል የእኛው አገር ልጆች ይገኙባቸዋል፤ ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ባዕድ አይሆንም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሕዋስ» የሚለውን ቃል የሥነ ሕይወት መምህራን ለሌላ ነገር ስለ ወሰዱት፣ እኔ ስጠቀምበት የማየት፣ የመስማት፣ የመዳሰስ መሣሪያ ማለቴ እንደ ሆነ ያዙልኝ።

አስቀድሜ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ልበል። አማርኛ ስለ ሕዋሳት የራሱ አስተያየት አለው። ወጥ የምትሠራ እናት ጭልፋውን ለልጇ አቀብላ «እስቲ ቅመሺና እዪው» ትላለች። ጨርቅ ሻጩ «ዳስሰው እዩት» ይላል። ሽቶ ሻጯም «አሽትተሽ እዪው» ማለቷ አይቀርም። ምላስም፣ ጣትም፣ አፍንጫም የሚያመጡልንን ሁሉ በመጨረሻ ወደ ማየት እናስገባዋለን። በዚህ አነጋገር ውስጥ አንድ ግምት ተሸሽጓል፤ ሕዋሳት ሁሉ በር በሩ ይለያይ እንጂ የሚገቡት ወደ አንድ ቤት ነው፣ በአንዱ በር የታወቀው በሌላውም ሲመጣ ይታወቃል የሚል ግምት ነው። ጥያቄያችን ይህ ግምት እውነት ነው ወይ የሚል ነው።

ጥያቄውን በግልጽ ያቀረበው የደብሊኑ ሰው ዊልያም ሞሊኑ ነው። ሞሊኑ የሕግ፣ የሒሳብና የብርሃን ጥናት ሰው ነበረ፤ ባለቤቱም ከተጋቡ ብዙም ሳይቆዩ የዓይኗን ብርሃን አጥታለች። በ1688 ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ለጆን ሎክ በላከው ደብዳቤ ያቀረበው ሐሳብ ይህን ይመስላል። ከልደቱ ጀምሮ የማያይ አንድ ሰው፣ ድቡልቡልን ነገር ከባለ ስድስት ገጽ ኩብ በመዳሰስ ለይቶ ማወቅ ተምሯል እንበል። አሁን ዓይኑ ይበራለት፤ ሁለቱም ነገሮች ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡለት። ሳይነካ በማየት ብቻ የትኛው ድቡልቡል፣ የትኛው ኩብ እንደ ሆነ ሊናገር ይችላልን? ሞሊኑ ራሱ አይችልም አለ። ሎክም ጥያቄውን በ1694 በታተመው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም ውስጥ አስገብቶ ተስማማበት። በርክሊ በ1709 አይችልም ከሚሉት ጋር ቆመ። ላይብኒትስ ግን ሰውየው ሁለቱ ነገሮች ከፊቱ እንደ ተቀመጡ አስቀድሞ ከተነገረው፣ ማዕዘን ያለውንና ማዕዘን የሌለውን በማመዛዘን ሊለይ ይችላል ብሎ ተከራከረ። ሁሉም ታላላቅ አሳቢዎች ነበሩ፤ ሁሉም ግን ሙግታቸውን የገጠሙት ሰውየው ሳይኖር ነው።

ሰውየውን ከማምጣታችን በፊት ግን ዓይን ራሱ ምን እንደሚሠራ ማየት ያስፈልገናል፤ ብዙዎቻችን ዓይንን ሙሉ ሥዕል ወደ ውስጥ እንደሚያስገባ መስኮት አድርገን ስለምናስብ ነው።

ብርሃን ከውጭ ወደ ዓይን እንደሚገባ፣ ከዓይን ወደ ውጭ የሚወጣ ጨረር እንደሌለ አጥብቆ ያስረዳው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት በባስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብን አል ሃይሠም ነው። በዓይናችን ጀርባ ባለው ሬቲና በተባለው ስስ ሽፋን ላይ የሚያርፈው ምስል የተገለበጠ መሆኑን ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 አስረዳ። ምስሉ የተገለበጠ ብቻ ሳይሆን ጠፍጣፋ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ሬቲና ከመቶ ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባዮች አሉት፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን ያለው አንድ ሚሊዮን ያህል ክር ብቻ ነው። እንግዲህ መልእክቱ ገና ከዓይን ሳይወጣ ተመርጦና ተጨምቆ ነው የሚላከው። ጥርት አድርገን የምናየውም ከሬቲናው መካከል ባለች ትንሽ ስፍራ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ብታዩ፣ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ የሚታያችሁ ስፋት ከዚያ ብዙ አይበልጥም። የቀረው አዳራሽ ጥርት ብሎ የሚታይ የሚመስለን ዓይናችን በሰኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከስፍራ ወደ ስፍራ ስለሚዘልና አእምሯችን የለቀመውን ስለሚያያይዘው ነው። ነርቡ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ላይ ደግሞ ምንም ብርሃን ተቀባይ የለም። በእያንዳንዱ ዓይናችን ውስጥ ጨለማ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን እንኳ ቀዳዳው አይታየንም።

ከዚህ የሚከብድ ችግር አለ። ሰፌድ ከጎን ስታዩት በሬቲናችሁ ላይ የሚያርፈው ቅርጽ ሞላላ ነው፤ እናንተ ግን ክብ ሰፌድ ታያላችሁ። ከእንጨት አጥር ወዲያ የቆመች ላም ወደ ዓይናችሁ የምትደርሰው እንደ ተቆራረጡ ቁራጮች ነው፤ እናንተ ግን አንዲት ሙሉ ላም ታያላችሁ እንጂ አራት ቁራጭ ላም አታዩም። በወረቀት ላይ የተሣለ ክብ ከላይ ብሩህ፣ ከታች ጥላ ቢሆን ጉብታ ሆኖ ይታያችኋል፤ ወረቀቱን ብትገለብጡት ያው ክብ ጎድጓዳ ይሆናል። ወረቀቱ አልተለወጠም። የተለወጠው አእምሮ ብርሃን ሁልጊዜ ከላይ ይመጣል ብሎ ስለሚገምት የሚደርስበት ፍርድ ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን «ሳናውቀው የምናደርገው ፍርድ» በሚል አሳብ ገልጾታል። ኢብን አል ሃይሠምም ቢሆን ብዙው የማየት ተግባር በትውስታና በማመዛዘን እንደሚፈጸም አስቀድሞ አስተውሎ ነበረ። ሰፌዱን፣ ላሟንና ጉብታውን አትርሷቸው፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ሰውየው ይምጣ። በ1728 ዊልያም ቼዝልደን የተባለ የለንደን ቀዶ ሐኪም፣ ማየት ምን እንደ ሆነ ከማያስታውስበት ዕድሜ ጀምሮ የዓይን ሞራ የጋረደውን የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ አክሞ ያየውን ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ጻፈ። ልጁ በመጀመሪያ ያየው ነገር ሁሉ ዓይኑን የነካው መስሎታል፤ የሚዳሰስ ነገር ቆዳውን እንደሚነካው ማለት ነው። ድመትና ውሻ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ እየጠፋበት ደጋግሞ መጠየቅ አፈረ፤ ስለዚህ አንድ ቀን ድመቷን ይዞ እየዳሰሰ ትኩር ብሎ ተመለከታት፣ ከዚያም ሁለተኛ እንደማትጠፋበት ነገራትና ለቀቃት። ሥዕሎች ጠፍጣፋ ቀለም ብቻ ሆነው ሁለት ወር ያህል ቆዩበት። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ ጥልቀት ያላቸው ነገሮች ምስል መሆናቸው ሲገባው ደግሞ በእጁ ሲዳስሳቸው ለስላሳ ጠፍጣፋ በመሆናቸው ተደነቀ፤ ከሁለቱ ሕዋሳት የሚዋሸው የትኛው እንደ ሆነም ጠየቀ። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ይህ የልጅ ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ከቼዝልደን በኋላ ብዙ ታሪኮች ተመዝግበዋል። ከሁሉ በጥንቃቄ የተጠናው ሪቻርድ ግሪጎሪና ጂን ዋላስ በ1963 ያሳተሙት ነው። ኤስ.ቢ. ብለው የጠሩት እንግሊዛዊ በአሥር ወሩ ገደማ ብርሃኑን አጥቶ፣ በ52 ዓመቱ ኮርኒያ የሚባለው የዓይኑ የፊት ሽፋን በንቅለ ተከላ ተተካለት። ፋሻው ሲፈታ የሐኪሙን ድምፅ ሰምቶ ዞረ፤ ያየው ግን ድብልቅልቅ ያለ ነገር ነበረ። ያ ነገር ፊት መሆን እንዳለበት ያወቀው ድምፁ ከዚያ ስለ መጣ ነው። ሆኖም በግድግዳ ላይ ያለን ሰዓት ወዲያው አነበበ። ለምን ቢሉ፣ መስታወት የሌለውን የኪስ ሰዓቱን በጣቱ እየዳሰሰ ጊዜ ማወቅ ለብዙ ዘመን ልማዱ ነበረና። የእንግሊዝኛን ትላልቅ ፊደላትም አነበበ፤ ትንንሾቹን ግን አላወቃቸውም። በልጅነቱ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ትላልቆቹን ብቻ በእንጨት ተቀርጸው ዳስሷቸው ነበረ። እንግዲህ ከጣት ወደ ዓይን የሚያሻግር መንገድ አለ ማለት ነው፤ ቢያንስ ለዚህ ሰው፣ ቢያንስ በደንብ ለዳሰሳቸው ነገሮች። በአንጻሩ ከሆስፒታሉ መስኮት ቁልቁል ሲመለከት መሬቱ በእጁ ተንጠልጥሎ ቢወርድ የሚደርስበት መሰለው፤ ከፍታው ግን ከዘጠኝ ሜትር ያላነሰ ነበረ። በለንደን የሳይንስ ቤተ መዘክር ሁልጊዜ ይመኘው የነበረውን የብረት መቅረጫ ማሽን ሲያሳዩት ምንም ሊገባው አልቻለም። ማሽኑን እንዲነካ ሲፈቅዱለት ዓይኑን ጨፍኖ በእጁ ዳሰሰው፤ ከዚያ ወደ ኋላ ቆም ብሎ ዓይኑን ገለጠና፣ አሁን ከዳሰስሁት በኋላ ማየት ቻልሁ የሚል ቃል ተናገረ።

የዚህ ሰው ታሪክ መጨረሻው አያስደስትም። ዓይነ ስውር ሳለ ያለ ፍርሃት ይሻገረው የነበረውን መንገድ አሁን እያየ ፈራው። ማታ ማታ መብራት ሳያበራ በጨለማ ይቀመጥ ጀመረ። ሐዘን ጠናበት፤ ጤናውም ታውኮ በ1960 ሞተ። ግሪጎሪ ይህን ሳይሸሽግ መጻፉ ያስመሰግነዋል።

በእነዚያው ዓመታት ደግሞ ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል በድመት ግልገሎች ላይ የሠሩት ምርምር ተስፋውን ይበልጥ አጠበበው። የግልገሏ አንድ ዓይን በተወለደችባቸው የመጀመሪያ ወራት ተሸፍኖ ቢቆይ፣ በኋላ ሲከፈት ዓይኑ ጤናማ ነው፤ በአንጎል ውስጥ ግን የሚሰማው የለም፤ ስፍራው በሌላው ዓይን ተይዟል። ያደገች ድመት ዓይን ለዚያው ያህል ጊዜ ቢሸፈን ግን ይህ ጉዳት አይደርስም። ማየት የሚተከልበት ወቅት አለ፤ ወቅቱ ካለፈ አለፈ የሚለው ትምህርት ከዚህ ተነሣ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1981 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ይገባቸዋልም። ትምህርቱ ግን ከግልገል ድመት ወደ ሰው ልጅ ሲሸጋገር አንድ መዘዝ አመጣ። የዓይን ሞራ ይዞት ተወልዶ ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላውን ልጅ ቀዶ ሕክምና ማድረግ ከንቱ ድካም ነው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች በዙ።

ይህን እምነት የፈተነው በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምረው ፓዋን ሲንሃ ነው። በትውልድ አገሩ በሕንድ፣ ዓይነ ስውር ሆነው ለተወለዱና ሊታከሙ ለሚችሉ ልጆች ሕክምና የሚሰጥና ማየትን እንዴት እንደሚማሩ የሚያጠና ሥራ ጀመረ። ስሙን ፕራካሽ አለው፤ ብርሃን ማለት ነው። በ2011 ከሪቻርድ ሄልድና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር የሞሊኑን ጥያቄ በቀጥታ ጠየቁ። ከ8 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው አምስት ልጆች፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ የልጆች መጫወቻ የመሰሉ የተለያዩ ቅርጾች ቀረቡላቸው። ዳስሰው ያወቁትን ዳስሰው እንዲለዩ ሲጠየቁ 98 በመቶ አገኙ። አይተው ያወቁትን አይተው ሲለዩም 92 በመቶ አገኙ፤ ስለዚህ ዓይናቸው ለሥራው በቂ ነበረ። ዳስሰው ያወቁትን በማየት ብቻ ሲለዩ ግን 58 በመቶ፤ ሳንቲም አጉኖ ከመገመት እምብዛም የማይሻል ውጤት ነው። ሞሊኑና ሎክ ልክ ነበሩ። ወደ አንዱ ቤት የሚያስገባው መተላለፊያ አብሮን አይወለድም።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አያበቃም። እንደገና ከተፈተኑት ልጆች መካከል፣ ማንም ሳያሠለጥናቸው፣ በቀናት ውስጥ ውጤታቸው በእጅጉ የተሻሻለ አሉ። መተላለፊያው አብሮ ባይወለድም በቀናት ይሠራል። ደግሞ ሌላ ጥናታቸው በክብና በአራት ማዕዘን መስመሮች የተደራረበ ሥዕል ሲያሳዩአቸው አዲስ ያዩ ሰዎች ሁለት ቅርጽ ሳይሆን ሦስት ቁራጭ እንደሚቆጥሩ አሳየ። ቅርጾቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ግን የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ያውቃሉ። አብሮ የሚንቀሳቀስ አንድ ነው። እንቅስቃሴ የማየት የመጀመሪያው መምህር ይመስላል።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2005 እና 2006 የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደ ሆነ፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ ምክንያት እንደ ሆነ አሳይቷል፤ የትራኮማ ጠባሳ ድርሻ 11.5 በመቶ ነበረ። አብዛኛው የዓይን ሞራ የአረጋውያን ነው። ጥቂት ልጆች ግን ይዘውት ይወለዳሉ፤ ከእነርሱም መካከል ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ለትምህርት ከደረሱ ወይም ዓይነ ስውራን በሚማሩበት ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ የሆኑ አሉ። ከኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ኤሁድ ዞሃሪና አያሌት መክይተን ከባልደረቦቻቸው ጋር ያጠኑት እነዚህን የመሰሉ ኢትዮጵያውያን ልጆች ነው፤ ውጤቱ በ2015 ታተመ። ፈተናው ቀላል ነበረ፤ ከተደረደሩ ተመሳሳይ ነገሮች መካከል የተለየውን ማመልከት ነው። የተለየው በቀለም፣ በመጠን ወይም በመስመር ቅርጽ ሲሆን ልጆቹ ፈጥነው ተማሩት። ልዩነቱ በጥላ ብቻ የሚታወቅ ጉብታና ጎድጓዳ ሲሆን፣ ወይም አንዱ ቅርጽ ሌላውን በከፊል ሲጋርደው ግን በአብዛኛው አልቻሉም፤ እስከ አንድ ዓመት ተከታትለዋቸውም ለውጡ ጥቂት ነበረ። ቀደም ብዬ አትርሱ ያልኋቸው ላሟና ጉብታው እነዚህ ናቸው። እኛ ያለ ድካም የምናደርገው ያ «ሳናውቀው የምንፈርደው» ፍርድ፣ በሕፃንነት ካልተማሩት እጅግ የሚያስቸግር ትምህርት ኖሯል።

በሌላ በኩል ኢሬኔ ሰና፣ ማርክ ኤርንስትና እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2021 ያሳተሙት ጥናት የሚያጽናና ነው። የዓይን ሞራቸው ዘግይቶ የተወገደላቸው ልጆች፣ አንድን ነገር በዓይንም በእጅም በአንድ ጊዜ ሲመዝኑ፣ ለእያንዳንዱ ሕዋስ የሚገባውን ያህል እምነት መስጠትን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ተምረዋል፤ ደጋግመው የተፈተኑትም ሁለቱን አጣምረው የሚያገኙት ትክክለኛነት በወራት ውስጥ ሊደረስበት ከሚችለው ከፍተኛ ደረጃ የማይለይ ሆኗል። የዓይነት ልዩነቱን ልብ በሉ። ከጥላ ጥልቀትን ማንበብ ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ ዓይንና እጅን ማስማማት ግን በማንኛውም ዕድሜ የሚለመድ ይመስላል። ስለዚህ «ወቅቱ አለፈ» የሚለው ቃል ለማየት ሁሉ በአንድ ላይ የሚነገር አይደለም፤ የማየት አንዱ ክፍል ይዘጋል፣ ሌላው ክፍል ክፍት ሆኖ ይቆያል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወስደው አቋም ግልጽ ነው። ዘግይቷል ተብሎ ልጅን ሳያክሙ መመለስ ስሕተት ነው። ያም ሆኖ መዘግየት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱም ዓይኖቹ በሞራ የተጋረዱ ሕፃን ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ገደማ ቢታከም ይመረጣል። ምልክቱ የሚታይ ነው፤ የብሌኑ መካከል ጥቁር መሆን ሲገባው ነጣ ይላል፣ ሁለትና ሦስት ወር የሞላው ሕፃን የእናቱን ፊት በዓይኑ አይከተልም፣ ዓይኖቹ ያለ ማረፍ ይዋልላሉ። ሐኪም ወይም አዋላጅ በትንሽ መብራት የሕፃኑን ብሌን ለማየት የሚፈጅባት ጥቂት ደቂቃ ነው። በዚህ አዳራሽ የጤና ሳይንስ ተማሪዎች ስላላችሁ ይህን በተለይ ለእናንተ እናገራለሁ።

ለመምህራንና ለወላጆች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ዘግይቶ የታከመ ልጅ ፋሻው በተፈታ ማግስት ሁሉን እንደሚያይ መጠበቅ ለልጁም ለቤተሰቡም ሐዘን ያመጣል። እናቱን በድምፅ እንጂ በፊቷ ሳይለያት ቢቀር የሕክምናው ክሽፈት አይደለም። የሚያየውን ይዳስስ፤ የሚዳስሰውን ይይ። ቼዝልደን ያከመው ልጅ ድመቷን እንዲያው አልያዛትም። የሚንቀሳቀስ ነገር ከቆመው ይቀልለዋል፤ ኳስ ይንከባለልለት፣ ዶሮ ስትሄድ ይያት። በመማሪያ መጽሐፍ ላይ በጥላ ተሸልሞ የተሣለ ተራራ ለጓደኞቹ ተራራ ሲሆን ለእርሱ የቀለም ልዩነት ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ በዚያ ሥዕል ላይ ተመሥርቶ ፈተና ከመስጠት በፊት ከጭቃ የተሠራ ተራራ በእጁ ቢሰጡት ይሻላል። ሰፌዱንም ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ እያዞረ ይየው፤ እኛም ክብነቱን ያወቅነው በዚሁ መንገድ ነው፤ መቼ እንደ ተማርነው ግን አናስታውሰውም።

 የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እተዋለሁ።